አልጋነሽ በሩ ላይ አልቆመችም

በ1962 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ሲደርስ ጴጥሮስ የሚባል ፊልም አንሺ ከአዲስ አበባ ዲላ ገባ። የሥጋ ደዌ ይዞት እየታከመ ገበያ መሀል ቲያትር የሚሠራ ሰው መኖሩን ሰምቶ፣ ኑሮውን በፊልም ቀርፆ ሊያስቀር ነበር የመጣው።

ገበያው ውስጥ ሁለት ተዋንያን አገኘ። አልጋነሽ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከመንደር የተባረረች በሽተኛ ትሆናለች። ፈለቀ ደግሞ ዱላ ይዞ የሚያባርራት ዳኛ ነው። ገበያተኛው በዳኛው ሳቀ፤ እሷ እያነከሰች ስትጠጋ ግን ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወዴት ነው? ገና አልጨረስኩም!» ብላ ጮኸችበት።

ጨዋታው ሲያልቅ ጴጥሮስ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሕመምን ለሰው ማሳየት አያሳፍርም?»

«ሕመም ምን ያሳፍራል? አንሳ!» አለችው አልጋነሽ።

ሌላ ገበያ ሊጫወቱ ሲሄዱ ጨለለቅቱ ከተማ ድረስ ተከተላቸው። ከፈለቀ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተማታ ይሳሳቃል፤ አልጋነሽ ያቀበለችውን ብርጭቆ ግን አፉ ሳያደርስ ያስቀምጠዋል።

አንድ ቀን ቤቷ በቆሎ ስትቀቅል ፈለቀ የሚንተከተከውን ድስት በባዶ እጁ፣ ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ አወረደው። አልጋነሽ ጮኻ ተንደረደረችና እጁን ይዛ አገላብጣ አየች። ጴጥሮስ ዘገነነው።

«ምነው ባትነኪው?»

«የፈለግኩትን ሰው እነካለሁ» አለች ቀና ብላ።

ፊልሙ ተሰናድቶ ዲላ ሲመጣ የቡና ነጋዴው ግራዝማች ገብረኪዳን መጋዘናቸውን ፈቀዱ። ነጭ አቡጀዴ ተሰቀለ፤ ከተሜው ከሰዓት በኋላ ግጥም ብሎ ገባ። ግራዝማች ፈለቀን አጠገባቸው አስቀመጡ። አልጋነሽ ስትመጣ ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«አንቺ እዚያው በሩ ላይ ቁሚ፤ ሰው ይፈራል።»

«የፈራ እሱ በሩ ላይ ይቁም» አለችና መሀል ገብታ ተቀመጠች።

ዙሪያዋ የነበሩት ወንበራቸውን ጥለው ተነሡ። ፈለቀም ሊነሣ ሲል በዓይኗ ተቀመጥ አለችው። ፊልሙ እስኪያልቅ ብቻዋን፣ እግሯን አነባብራ አየች።

መብራት ሲበራ ግራዝማች ተነሡና የፈለቀን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ጀግና ማለት ይህ ነው! ከእንዲህ ያለች በሽተኛ ጋር ሳይፈራ የሚሠራ!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ጋብ እስኪል ፈለቀ ጠበቀ።

«በሽተኛው እኔ ነኝ፣ ግራዝማች» አለ፣ እጃቸውን ሳይለቅ።