የሰማንያ ቀን ሚዛን

ልጃችን በተወለደች በሁለት ሳምንቷ ካረፈች ወዲህ፣ የአራስ ቤት ውፍረቴን ልቀንስ ብዬ በየማለዳው የእንጦጦን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። ስመለስ እመዘናለሁ። ኪሎዬ አንድ ቀን ይወርዳል፤ በማግስቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ኪሎ ጨምሬ እገኛለሁ።

«ውኃ ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ» ይለኛል ባሌ ኤርሚያስ።

እውነቱን ነው ብዬ ዳገቴን ቀጠልኩ። ጭማሪው ግን አደገ። መጀመሪያ ሦስት ነበር፣ ቀጥሎ አራት ሆነ፣ ሰሞኑን ደግሞ አምስት። ልጄ ስትወለድ ሦስት ኪሎ ነበረች።

ብትኖር ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነበር፤ ቁስቋም ማርያም ወስደን ክርስትና የምናስነሳበት ቀን። ጠዋት ሚዛኑ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ኤርሚያስ አገኘኝ።

«ተበላሽቶ ይሆናል፣ እስቲ ውረጂ» አለና ጫማውን አውልቆ እሱ ወጣበት። ሰባ አንድ ኪሎ።

«ይኸው፣ የእኔን በትክክል ነው የሚያነበው።»

«እንካ» አልኩት፣ ባዶ ክንዶቼን ልጅ እንደታቀፈ ሰው ወደ እሱ አስጠግቼ።

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከሚዛኑ ሳይወርድ እጁን ዘረጋና ተቀበለኝ። ከዚያ፣ ማንም ሳይነግረው፣ አንገቷን ለመደገፍ ክርኑን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገ።

ቁጥሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ሰባ ስድስት ይላል።