ምራቂ

በትዝታ ጨረታ ላይ እንደ ወይንሸት ብዙ የሚሸጥ የለም። የተሸጠ ትዝታ ከሻጩ ራስ ወጥቶ ገዢው ራስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ወይንሸት ደንበኛ የማታጣው በምራቂ ስለማትሰስት ነው። የሠርጓን ቀን ለገዛ ሰው ሌላ ትንሽ ትዝታ ጣል ታደርግለታለች።

ዛሬም ስትሸጥ ውላ ደክሟታል። ቁጭ ብላ የልጇን ፀጉር ትሠራለች።

«እማዬ፣ እንደ ድሮው አቆላምጠሽ ጥሪኝ» አለች ልጅቷ።

የወይንሸት ጣቶች ሹሩባው ላይ ቆሙ። «ማን ነበር የምልሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ፣ እያወቅሽ።»

ስልኳ ጮኸ። የትናንቷ ገዢ ናት። «እጅሽ ይባረክ። ምራቂው ከገዛሁት በለጠብኝ፤ ልጄን አሁን በእሱ ነው የምጠራት» ብላ ጽፋለች።

ስሙን ግን አልጻፈችውም።