የውሸት ተጠቃሚ

ሰኞ ጠዋት በስብሰባው ክፍል አለቃው፣ ፕሮግራመሯና «ወንድምዬ» የምትለው ባልደረባዋ ነበሩ። አለቃው ለአንድ ክሊኒክ የሠሩትን ድረ ገጽ ያለ ይለፍ ቃል ሲከፍተው፣ ገጹ ማንነቱን ሳይጠይቅ የሕመምተኞችን ምስጢር ዘረገፈለት።

«ተፈትኖ አልፏል አላልሽኝም እንዴ?»

ፕሮግራመሯ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል፣ ሁልጊዜ በይለፍ ቃል እንደገባ የሚቆጠር የውሸት ተጠቃሚ ሠርታ ነበር። ያልገባ፣ ማለትም ይለፍ ቃል ያልሰጠ ሰው መመለሱን የሚያረጋግጠውን ፈተና ግን ወንድምዬ «እኔ ልሙትልሽ፣ ለእኔ ተዪው!» ብሎ ወስዶባታል። የዚያን ፈተና ፋይል ከፈተችው። «ያልገባ ሰው ይመለሳል» ከሚለው ርዕስ ሥር ያንኑ የውሸት ተጠቃሚ አስገብቶ፣ ፈተናው እንዲሁ እንዲያልፍ አድርጎታል። መስመሩን በጣቷ አሳየችው።

«ወንድምዬ?» አለችው።

«የውሸት ተጠቃሚውን የፈጠረችው እሷ ናት» አለ፣ ወደ አለቃው ዞሮ።

ኮድ ማንበብ የማይችለው አለቃ የቢሮ መግቢያ ካርዷን ተቀበላት።