በቁጥር የፈረሰ ቤት

የደግነት እናት ማክሰኞ ተቀበረች። እድሩ ድንኳን አልላከም። ሬሳውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ራሱ ደግነት ነው፤ ሦስቱ ከወናጎ መናኸሪያ ተለምነው የመጡ።

ከቀብር መልስ ጎጆዋን ዘጋ። ዕቃዋን ለጎረቤት አከፋፈለ። ለራሱ ያስቀረው አንድ የሸራ ቦርሳ ያህል ብቻ ነው።

በሳምንቱ ዲላ ሄዶ የሟቹን የነጅሙዲንን ቤት ፍርስራሽ ገዛ።

ፍርስራሹ ወናጎ ውስጥ ከዋናው መንገድ ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ቆርቆሮው ከተነቀለ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሳሎኑ ውስጥ ቡና በቅሏል። የነጅሙዲን ልጅ ሱራያ ዲላ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ፍርስራሹን የሚገዛ ሰው መገኘቱ ራሱ ገርሟት ነበር። የገዢውን ስም ስትሰማ ግን መገረሙ ቀረ።

ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት የደግነት አባት፣ ግንበኛው ገመቹ፣ በዚሁ ቤት ጓሮ መጋዘን ይሠራ ነበር። የነጅሙዲን ሚስት ወርቋን የምታስቀምጥበት ሳጥን ጠፋ። የዘጠኝ ዓመቷ ሱራያ፣ «ገመቹ ጋቢው ሥር የሆነ ነገር ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ» አለች። በልጅ ቃል ሰው ታሰረ። ሳጥኑ አልተገኘም። ገመቹ በሦስተኛው ዓመት እስር ቤት ሞተ። እድሩም ስሙን ሰረዘ።

ደግነት የሌባው ልጅ እየተባለ አደገ። እናቱ ቆጮ እየሸጠች፣ ጫማ ሳይጎድለው ዲላ ሃይስኩል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አስተማረችው። በምህንድስና በማዕረግ ተመረቀ። በመጀመሪያ ሥራው ሲሚንቶ ሲጎድል፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ሁሉም ዞሮ አየው።

አገር ለቀቀ። ጣሊያን ውስጥ ሰው ጥሏቸው በሄዱ የተራራ መንደሮች አሥራ ስምንት ዓመት ሠራ። እንግሊዞችና ሆላንዶች የፈረሰ የድንጋይ ቤት ይገዛሉ፤ እሱ ያድስላቸዋል። ካደሳቸው ቤቶች በአንዱም ተጋብዞ አያውቅም።

አሁን ያንኑ ሥራ ወናጎ አመጣው። እያንዳንዱን ድንጋይ በኖራ ቁጥር እየጻፈበት ያፈርሳል፤ ከዚያ መልሶ እዚያው ቦታው ያስቀምጠዋል። ሲሚንቶ አላስገባም። አሮጌው ቤት በጭቃ እንደተሠራ በጭቃ ይሠራል።

ሠራተኛው በቀለ አንድ ቀን አላስቻለውም።

«ኢንጅነር፣ እውነቱን እናውራ። ወርቁን ነው የምንፈልገው አይደል?»

«ቤት ነው የምንሠራው።»

«ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ ላይ ቁጥር ይጽፋል እንዴ? ስምም አውጣላቸውና ክርስትና እናንሳቸው!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ደግነት አልሳቀም። በቀለ የሸራ ቦርሳውን ሊይዝለት ሲያነሳ ከእጁ ወሰደው። «መሣሪያ ነው፣ ተወው» አለ።

ባጃጆች በዚያ ሲያልፉ ፍጥነት ይቀንሳሉ። «አገኛችሁ?» ብለው ይጮሃሉ።

አንድ አርብ ሱራያ ከዲላ መጣች። ከፍርስራሹ ደጃፍ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ወንድሜ፣ የሸጥኩልህ ቤት ነው፤ ጠብ አልሸጥኩልህም። ምንድነው የምትፈልገው?»

«የአባቴን ስም፣ እትዬ ሱራያ።»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ አያይም?» አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አንዳንዴ ግን እኔም ራሴን እጠራጠራለሁ።»

በሦስት ወር ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱና መጋዘኑ ፈርሰው እንደገና ቆሙ። ምንም አልተገኘም። የቀረው የነጅሙዲን መኝታ ቤት ግድግዳ ነበር፤ ገመቹ አንድ ድንጋይ ያላኖረበት ግድግዳ። ሠራተኞቹም ባጃጆቹም ተስፋ ቆርጠዋል።

እሑድ ዕለት ከጸሎት ቤት የሚመለሱ ሰዎች ደግነትን ብቻውን አዩት። እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር። «ሰንበት እንኳ አያርፍም፤ ወርቁ አሳብዶታል» ተባባሉ። አመሻሽ ላይ ታጥቦ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ወልደዮሐንስ ቤት ሄደ።

«ነገ ጠዋት የመጨረሻው ግድግዳ ይወርዳል» አላቸው። «ሽማግሌዎቹ ቆመው ይዩልኝ። ባይገኝ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ፤ ዳግመኛ አላስቸግራችሁም።»

ለሱራያም ደወለ።

ሰኞ በቀለ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የተጻፈበትን ድንጋይ ሳበ። ጭቃውን በጣቶቹ አሸት አደረገው።

«እርጥብ ነው» አለ።

«ማታ ዘንቦ የለም እንዴ? ጣራ የለው!» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። «ሥራህን ሥራ።»

ከድንጋዩ ኋላ የነሐስ ሳጥን ነበር።

ሱራያ ገና ክዳኑን ስታይ አፏን ያዘች። «የእናቴ ነው።» ከፍተው ሰጧት። አምባሮቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ሁለት ጎድሏል» አለች፤ የሰማት ግን አልነበረም።

«አያችሁ?» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። «ሰውየው ደርግ እንዳይወርስበት ራሱ ቀብሮት ኖሯል! ምስኪኑን ግንበኛ አሳስሮ!»

ምሳ ሳይደርስ ወናጎ ስለ ሟቹ ነጅሙዲን ስታወራ ነበር።

ሱራያ ደግነት ጉልበት ላይ ወደቀች። «ይቅር በለኝ። ያየሁ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁ መስሎኝ ነበር።»

ደግነት አነሳት። ሳጥኑን እጇ ላይ አደረገላት። «የእናትዎ ነው፤ ይውሰዱት» አላት።

ቅዳሜ እድሩ ድንኳን ተከለ። የገመቹ ስም ተመልሶ ተጻፈ፤ የሚስቱም ከሥሩ። ወናጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጥታ ለቅሶ ተቀመጠች። ሱራያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ብቻዋን ተነስታ ሄደች።

ሰው ሲበተን ደግነት ወደታደሰው ሳሎን ገባ። ባዶውን የሸራ ቦርሳ ሚስማር ላይ ሰቀለ።

ሳጥኑ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የቆየው እናቱ አልጋ ሥር ነበር።