የእማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ካሜራ

የደባርቁ ፎቶ አንሺ አሻግሬ ገዱ ክፉ ሰው ነው የሚል አልነበረም። ትንሽ ግልፍተኛ፣ ትንሽ ዕድለ ቢስ ነው እንጂ። በ2008 ዓ.ም. የሚሠራባት ካሜራ አርጅታ፣ ድንኳን ውስጥ ሙሽራ ስታነሣ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ዱባይ ያለችው እህቱ ሊያ እንዳትደርስለት ካኮረፈችው አራት ዓመቷ ነው። አንድ ካርቶን ዕቃ ብትልክለት ከጎንደር በመኪና ሲመጣ መንገድ በላው፤ «አልደረሰኝም» ቢላት «ሸጠህ ጠጥተኸው ነው!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። እንግዲህ ጥር ሲመጣ ባለ ሠርግ ሁሉ ፎቶ አንሺ ከጎንደር ያስመጣል፣ አሻግሬ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ ይውላል።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ መነኩሴ ከዳባት ተሳፍረው መጡ። በነጠላ የጠቀለሉትን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አሻግሬ ገዱ አንተ ነህ?»

«አዎ እማሆይ። በሩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ማንበቡን ማን አስተምሮኝ፣ ልጄ። ይኸን ትገዛኛለህ?»

አሻግሬ ጥቅሉን ፈታ፤ ፈትቶም ምራቁን ዋጠ። ፉል ፍሬም የሚሉት ውድ የባለሙያ ካሜራ ነው። እንዲህ ያለውን የጎንደሮቹ ፎቶ አንሺዎች አንገት ላይ ከማየት በቀር ነክቶት አያውቅም።

«ከየት አገኙት?»

«ልጄ ደርቤ የተወው ነው። ክረምት ላይ ዐረፈ። እህል ላወጣ ጎታ ውስጥ እጄን ብሰድ እሱን አገኘሁ።»

«ነፍስ ይማር። ፎቶ አንሺ ነበር?»

«የለም፣ መኪና ላይ ነበር የሚሠራ።»

አሻግሬ ወደ ስሜን ተራራ ፈረንጅ የሚያመላልሱትን ሹፌሮች አሰበ። አንዱ ቱሪስት ሸልሞት ይሆናል አለ በልቡ። ለእማሆይ ሻይ አስመጣላቸውና ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ ካሜራውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘው። የካሜራ ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም፤ ስንት ፎቶ አንሥቷል ተብሎ ነው። ይኸኛው ከመቶ ሺህ በላይ የሚችል ነው። ያነሣው አሥራ አንድ ብቻ!

ዳባት ላይ ፎቶ ቤት ሞልቶ ሳለ ያን ሁሉ አልፈው ወደ እሱ መምጣታቸው ሊገርመው ይገባ ነበር። ስስት ግን ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

«ስንት ይሉታል?»

«አንተው ንገረኝ።»

ካሜራው ቢያንስ አርባ ሺህ ብር ያወጣል። አሻግሬ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ብዙ ተሠርቶበታል እማሆይ፣ ሊያበቃለት ነው። ሦስት ሺህ ብር ልስጥዎ» አለ።

«ይሁን።»

ይሁን! አንዲት ጊዜ እንኳ «ጨምር» አላሉትም። ብሩን ተቀብለው በሩ ጋ ደረሱና ዞር አሉ።

«ለደርቤ ነፍስ ይማር በልልኝ።»

«ብያለሁ እኮ፣ እማሆይ።»

«ከልብህ በልልኝ።»

«ነፍሱን ይማር» አለ አሻግሬ። ፊቱን ሲያቃጥለው ተሰማው።

ጥር ገባ። ከዳባት እስከ ደባርቅ ሠርግ ያለ አሻግሬ አይደምቅም ተባለ። «እሰይ! ሙሽራዋ ልትናገር ምንም አልቀራት!» እያሉ ሲያመሰግኑት፣ እሱ ግን በእያንዳንዱ ምስጋና የእማሆይን «ይሁን» ይሰማል። ካሜራውን አንገቱ ላይ ባነገተ ቁጥር የሰረቀ ይመስለዋል። ሚስቱ ደብረወርቅ ታዘበችው።

«ገንዘብ ሲገባ የሚከፋው ሰው አንተን አየሁ! ምን ሆነሃል?»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አልሰማሽም?» አለና ሁሉንም ነገራት።

«ውይ በሞትሁት! መነኩሴ? ያውም ልጅ የሞተባቸውን? ሂድ፣ ከፊቴ ዞር በል!»

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባቱ ለቄስ ዓለምብርሃን ተናዘዘ። ቄሱም እንዲህ አሉት፦

«ስገድ ብልህ ትሰግዳለህ፣ ጹም ብልህ ትጾማለህ፤ ካሜራው ግን አንተው ዘንድ ነው። መጀመሪያ የወሰድኸውን መልስ። ከዚያ ና።»

በማግስቱ አሻግሬ ካሜራውን ይዞ ዳባት ወረደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ሄዶ፣ ሰው ጠይቆ ያገኘውን የእማሆይን ደጃፍ ሲያይ ሁሉም ጠፋው። እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እማሆይ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አዲስ ነበር፤ አርባ ሺህ ብር ያወጣል። እያወቅሁ ነው ያታለልሁዎት። ይኸው ይውሰዱት፣ ብቻ ይቅር ይበሉኝ!»

እማሆይ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አሻግሬ እርግማኑን ጠበቀ። እሳቸው ግን ትከሻውን ይዘው ያነሡት ጀመር።

«ተነሥ፣ ልጄ፣ ተነሥ። እግር ላይ የምወድቀውስ እኔ ነበርሁ።»

ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ሦስቱን ሺህ ብር እንደ ሰጣቸው በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል፤ በብብታቸው ደግሞ የተጨፈለቀ ካርቶን አለ።

«ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ብዬ ዝም አልሁ። እኔም ካንተ አልተሻልሁም» አሉና ካርቶኑን ዘረጉለት። «ለእኔ ዲያቆኑ ነው ያነበበልኝ። እንካ፣ አንተም አንብበው።»

አሻግሬ የካርቶኑን ክዳን ገለጠ። ከውስጥ በኩል በሚያውቀው የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦

«ለወንድሜ ለአሻግሬ ገዱ፣ ደባርቅ። አገሬ ስገባ በዚህ ካሜራ መጀመሪያ የምታነሣው እኔን ነው። እህትህ ሊያ።»