በኮት ኪስ ውስጥ የተገኘው ክኒን

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አላት ዶክተሩ ትንሿን ልጅ።

«ሆዴን።»

እምብርቷን ጫን አደረገ። «እዚህ?»

«አዎ።»

ጎኗን ነካ። «እዚህስ?»

«እሱም ያመኛል።»

ዶክተሩ ጠረጠረና ጉልበቷን ነካት... «እዚህስ?»

«እሱማ በጣም።»

«ሆድሽ እስከ ጉልበትሽ ይደርሳል?»

«ከበላሁ ይደርሳል» አለችው ኮስተር ብላ።

ከኋላ ሁለት ሴቶች ተፋጠው ተቀምጠዋል...

አንዷ ወላጅ እናቷ ናት። ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ልጇን የሚይዝላት ዘመድ አልነበራትም። አሁን ተመስገን ነው፣ ድናለች። ዳቦ ቤት ሥራዋ ተመልሳለች፣ ለልጇም አልጋ ገዝታለች።

ሌላዋ የአደራ እናቷ ናት። እስከዚያው ልጅቷን ወስዳ ያቆየቻት ልብስ ሰፊ... ምላሷ ከመቀሷ የባሰ፣ አንጀቷ ግን ስስ የሆነ ሴት።

ጉዳያቸውን የያዘችው ማህበራዊ ሰራተኛ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ሐኪሙ «ደህና ናት» ካላለ ልጅቷ ወደ እናቷ አትመለስም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... የመመለሻዋ ቀን በተቃረበ ቁጥር የሆድ ሕመሟ ይነሳባታል።

«እትዬ፣ ልጄን ምን እያበሉብኝ ነው?» አለች እናት።

«ሰው የሚበላውን። ልትጠይቂያት በመጣሽ ቁጥር ክሬም ኬክ የምትግቻት አንቺ አይደለሽ?»

«ወይስ... አደራዬን ላለመመለስ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ቃሉ አጥንቷ ድረስ ነው የገባው። እውነቱን እንነጋገር ካላችሁ፣ ልጅቷ እንድትሄድባት አትፈልግም። ግን ደግሞ አደራ በላ ተብሎ መኖርስ አለ?

ዶክተሩ እንደ ልማዱ የሚታኘክ ክኒን ሰጥቶ ሸኛቸው።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ ልብስ ሰፊዋ ቤት መጣ። ለበሰው... መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ... እጁን ኪሱ ከተተ።

አንድ ክኒን አወጣ። ደግሞ ሌላ። ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ።

«እትዬ፣ እጅጌውን አሳጥሪልኝ እንጂ አክሚልኝ አልኩሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ክኒኖቹን አየቻቸው። አንዳንዶቹ ተልሰዋል።

«ነይ እስቲ አንቺ። ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «ያንቺ ነው» አለች።

«የኔ?»

«ለሆድሽ። እስክሄድ እዚያ ደበቅኩልሽ።»

«ሆዴ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ለጎረቤት ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። 'እሷ ከሄደች ሆዴ አይችልም' ብለሻል። ስሄድ ብቻሽን ሆነሽ ቢያምሽስ? ዶክተሩ ደግሞ ሆዱን ላላመመው ሰው አይሰጥም... ስለዚህ አመመኝ አልኩት።»

ኮት ለባሹ ሰውዬ ክኒኖቹን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናትሽ ጋ መሄድ አትፈልጊም ማለት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እፈልጋለሁ እንጂ። ግን ክኒኑ ገና አልሞላልሽም።»

ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ለእናትየዋ ደወለችና ሁሉንም ነገረቻት።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለች እናትየዋ።

በቀጠሮው ሦስቱም ዶክተሩ ጋ ገቡ።

«ዛሬስ የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። እሷን እያት» ብላ ልብስ ሰፊዋን ወደ አልጋው ጎተተቻት።

ሴቶቹ ነገሩን ለዶክተሩ አስቀድመው ነግረውታል። ሳይስቅ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«እርስዎን የት ጋ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ «ደህና ነኝ» ልትል ነበር። ልጅቷን አየቻት።

«ሆዴን» አለች።

«ገባኝ። ለእርስዎ ክኒን አይሠራም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ልጅ ነው የማዝዝልዎት... ከምሳ ጋር።»

እናትየዋ ቀድማ መለሰች። «መድኃኒቱን እኔው ይዤላቸው እመጣለሁ።»

ዶክተሩ «ደህና ናት» ብሎ ስለፈረመ፣ ልጅቷ የዚያን ቀን እናቷ ቤት፣ በአዲሱ አልጋዋ ላይ አደረች። ከዚያ ወዲህ ሆዷን አንድም ቀን አላመማትም።

ወዳጆቼ... ልጅን ወደ እናቱ ስንመልስ ያቆየውንም ሰው አንርሳ። ፍቅር የሚወረስ ቤት አይደለም፣ ሁለት እናት ቢኖሩበት አይጠብም። ደግሞ ልጅ ባለበት አፋችንን እንጠብቅ፣ ልጆች ቃላችንን እንደወረደ ነው የሚወስዱት።

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አጎቴ «እጅ አጠረኝ» ባለ ቁጥር የትኛው እጁ እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን አስተያይ ነበር 😂

እናንተስ ልጅ ሆናችሁ እንደወረደ ያመናችሁት የትልቅ ሰው አባባል የትኛው ነው?