መቀነቱ የተፈታ ማንጋ

ሺኖሃራ ወደ እትዬ ቶኪኮ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የገባው የጃፓኗ ከተማ ኦታሩ በበረዶ በተዋጠችበት ሳምንት ነው። ያለውን መጽሐፍ ሁሉ በጋሪ ጭኖ አምጥቷል። በዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ሩቅ አገር ልሄድ ነው አለና ካፖርቱን አውልቆ ከመጻሕፍቱ ላይ ጣል አደረገው።

«የምሄድበት ብርድ የለም» አለ።

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ማንጋ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ መዘዙ። ይቺን የመጀመሪያዋን ቅጽ ብቻ አንብበህ ሂድ፣ ካልጣመችህ እኔን ውቀሰኝ አሉት።

ታሪኩ ብቻውን ስለሚኖር ሰው ነው። ጎረቤቶቹ ተመሳጥረው መስኮቱን ይጠብቃሉ፤ መብራቱ ያልበራ ዕለት ጉድ ይፈላል። እንደ አገሩ ልማድ አንባቢዎች በእጃቸው የጻፏቸው ካርዶች መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱ፣ መጨረሻውን የሚናገር ምላሱ ይቆረጥ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ዘጠነኛውን ሳያነብ የሚሞት ሰው አንጀቴን ይበላኛል!»

ሺኖሃራ በማግስቱ ዓይኑ ደም መስሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን ሰጡት። አንድ ብቻ።

«ቀስ እያልክ ብላው እንጂ፤ ማን ይቀማሃል?» ሲል ቀለደበት ኢሶቤ። ኢሶቤ ባለታክሲ ነው፤ ካርዶቹን በብዛት የሚጽፈውም እሱ። ወሬ ማውጣጣት ያውቅበታል። ብቻህን ነው የምትኖረው? የሚደውልልህ ሰው አለ? ቤትህስ በየት በኩል ነው? ብሎ ብሎ፣ በነፃ ቤቱ ድረስ አደረሰው።

የሺኖሃራ ጉዞ ለሌላ ሳምንት ተላለፈ። አሁንም ተላለፈ።

ጎህ ሲቀድ የኢሶቤ ታክሲ ከመስኮቱ ሥር ትቆማለች። ሺኖሃራ መብራቱን ሲያበራ ትሄዳለች። ይህን ያስተዋለ ቀን ጥርጣሬ ገባው። ሌላም ነገር ከነከነው። የሌላው ሰው ማንጋ ሁሉ ማስታወቂያ የተጻፈበት የወረቀት መቀነት አለው፤ ለእሱ የሚሰጡት ግን ሁልጊዜ መቀነቱ የተፈታ ነው። ዘጠነኛውን ሲጨርስ፣ አሥረኛውን ደራሲው ገና እየሳለው ነው አሉት።

ሺኖሃራ ፈራ። ቁልፉን ለወጠ፣ ከበሩ ኋላ ወንበር ደገፈ፣ የሚሄድበትን መንገድ ቀየረ። መጽሐፍ ቤቱን ግን መተው አልቻለም። መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳያውቅ እንዴት ይቀራል?

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ ቶኪኮ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር አየ። አሥረኛው ቅጽ እዚያ ነበር። አቧራ ለብሷል። በደበዘዘው መቀነቱ ላይ በትልቁ «በአሥር ቅጽ ተፈጸመ» ይላል።

ቀና ሲል ኢሶቤ በሩን ከኋላው ዘግቶ ቆሟል። አሮጊቷም ከጓዳ ወጥተዋል። ሺኖሃራ ማንጋውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

«ለምን ደበቃችሁብኝ? መስኮቴንስ ለምን ትጠብቃለህ? ምን በደልኳችሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «እባካችሁ... መሞት አልፈልግም።»

ኢሶቤ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ። እትዬ ቶኪኮ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ኢሶቤ፣» አሉ፣ «ከራሱ አፍ ሰማህ፤ መጻሕፍቱንና ካፖርቱን ከጓዳ አውጣለት፤ ጉዞው ቀርቷል።»